ቁልፉ በማን እጅ ነው? ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም በሐርጌሳ ቤቶች የሚባለውና እውነቱ

የታመመ ልጅ በሰንሰለት ታስሮ በሚኖርበት ቤት፣ ቁልፉን የያዘችው ብዙውን ጊዜ የምታጎርሰው ሴት ናት። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት፣ ሐርጌሳ ዋና ከተማዋ በሆነችው በሶማሌላንድ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቤትም፣ ቤተሰብ በሚከፍልባቸው የግል ማእከላትም በሰንሰለት እንደሚታሰሩ ዘግቧል። ይህን ያነበበ ሰው ወላጁን ለመኮነን አይቸገርም። እኛ ግን ሰንሰለቱን ወደ ቤት ያስገቡትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው፤ አብዛኞቹ ለእኛም ሰፈር እንግዳ አይደሉም።

ተረት፦ ልጁን የሚያስር ቤተሰብ ፍቅር የለውም።

እውነታ፦ በእኛው በኢትዮጵያ፣ በሶዶ ወረዳ፣ ተመራማሪዎች የታማሚ ቤተሰቦችን አነጋግረው ነበር። የተሰማው መልስ የጭካኔ አልነበረም። ወጥቶ እንዳይጠፋ፣ ጎረቤት እንዳይመታ፣ ራሱን እንዳይጎዳ ብለው ነው ያሰሩት። ሕክምናው ሩቅ ወይም ከአቅማቸው በላይ ነበር። ያም ሆኖ ሰንሰለት ሕክምና አይደለም። ቁርጭምጭሚት ያቆስላል፣ ጡንቻ ያሰልላል፣ ታማሚው በቤተሰቡ ላይ ያለውን እምነት ይበላል። ድምፅ የሚሰማው ሰው ታሰረ ብሎ ድምፁ አይተወውም።

ተረት፦ ጂኒ ነው፤ ሐኪም ምን ያውቃል?

እውነታ፦ የሐርጌሳ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ቁርኣን ወደሚቀራበት ዒላጅ ነው፤ የእኛው ወደ ጠበል። ስኪዞፍሬንያም ሆነ ባይፖላር ግን እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት መድኃኒት ያላቸው ሕመሞች ናቸው። ጸሎትና ክኒን የግድ አይጣሉም። በጋናና በናይጄሪያ የጤና ባለሙያዎች ወደ ባህልና ሃይማኖት ፈዋሾች ቦታ እየሄዱ ታማሚዎችን እዚያው ሲያክሙ፣ ውጤቱ እንደ ወትሮው ከሚደረገው እንክብካቤ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጥናቱ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። አደጋው ዱላው፣ ጭሱ፣ ምግብ መከልከሉና "መድኃኒቱን ጣል" የሚለው ትእዛዝ ነው። ሼኹ ይቅሩ፣ ዱዓም ያድርጉ፤ ክኒኑም በሰዓቱ ይዋጥ።

ተረት፦ ጫት ያረጋጋዋል፤ የጦርነቱንም ትዝታ ያስረሳዋል።

እውነታ፦ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከራሷ ከሐርጌሳ ማረፊያ እየተነሱ ከተማዋን ደብድበዋታል፤ ነዋሪዋም ወደ እኛ ድንበር፣ ወደ ሐርተሼክ ጎርፏል። ያን ያየ ሰው ሌሊቱን መርሳት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ጫቱም ከእኛው ከሐረርጌ ነው የሚሄደው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት በሐርጌሳ 4,854 ሰዎችን ዳስሷል። ጦርነት ካላዩት ወንዶች 3.2 በመቶ፣ በጦርነቱ ውስጥ ካለፉት ሲቪሎች 8.0 በመቶ፣ ከቀድሞ ተዋጊዎች ደግሞ 15.9 በመቶው በከባድ የአእምሮ ችግር የተጎዱ ሆነው ተለይተዋል። ከእውነታ የመራቅ ምልክት የታየባቸው ታማሚዎች ከሌላው ቀደም ብለው መቃም የጀመሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከመታመማቸው በፊት በቀን ከሁለት ዙርባ በላይ የሚቅሙ። ጫት የቃመ ሁሉ አይታመምም። በሽታው ላለበት ግን ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፣ ጥርጣሬ ያባብሳል። ጫቱ ይቅር ሲባልም ቁጣ ብቻውን አይበቃም፤ ያ ከሰዓት በምን እንደሚሞላ አብሮ መታሰብ አለበት።

ተረት፦ ዕብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው።

እውነታ፦ ተረቱ የታዘበው ነገር አለ፤ ያልገባው ምክንያቱ ነው። ታማሚው ሲሻለው "ድኛለሁ" ብሎ ክኒኑን ይተዋል፤ ቤተሰቡም ደስ ብሎት አይቃወምም። በስኪዞፍሬንያ ላይ የተደረጉ በርካታ ሙከራዎች ተጠቃለው ሲታዩ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው መድኃኒት ካቋረጡት 64 በመቶ፣ ከቀጠሉት 27 በመቶ ናቸው። ክኒን ከምላስ ሥር ለሚደብቅ ሰው በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አለ። በረመዳን የሚጾም ከሆነ የመድኃኒቱን ሰዓት ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር እንዲያስማማለት ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በተለይ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ሲውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል።

ተረት፦ አውቆ ነው፤ ስንፍና ነው፤ ቢቆጡት ይነሳል።

እውነታ፦ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ መዋል፣ ገላን አለመታጠብ፣ ዝም ማለት የራሱ የበሽታው ምልክት ሊሆን ይችላል። እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዳዩት፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ነቀፋና ቁጣ ወደበዛበት ቤት የሚመለስ ሰው ቶሎ ያገረሽበታል። ልጁ "ሬዲዮው ስለ እኔ ነው የሚያወራው" ካለ አትከራከሩት፤ እውነት ነው ብላችሁም አታጽኑለት። "እኔ አልሰማሁም፤ አንተ ግን እንደፈራህ ይታየኛል። ና ሻይ እንጠጣ" ማለት ከአንድ ሰዓት ክርክር ይሻላል።

ተረት፦ ቢያገባ ይሻለዋል።

እውነታ፦ ጋብቻ አያድንም፤ ሳይነገራት የገባችውን ልጅም ይበድላል። ለዘላለም ማግባት የለበትም ማለት ግን አይደለም። አንዱ ወላጅ ስኪዞፍሬንያ ቢኖርበት ልጁን ያው ሕመም የሚይዝበት ዕድል ከአሥር አንድ ገደማ ነው፤ ዘጠኙን ያ ሕመም አይይዛቸውም። ታማሚው ሲረጋጋ፣ እውነቱ ተነግሮ፣ ሁለቱም ወደውት ከሆነ ትዳር ትዳር ነው።

ለንደን ያለ ወንድም በየወሩ ለግል ማእከል የሚከፈለውን ገንዘብ ሲልክ፣ ገንዘቡ ሌላ ምን ሊሠራ እንደሚችል ቤተሰቡ አንድ ጊዜ ተቀምጦ ይነጋገር። ክኒኑን ማን ይሰጣል? እናት ሙሉ ሌሊት እንድትተኛ ሐሙስ ማን ያድራል? ሲብስስ ወዴት ነው የሚሮጠው? ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሰረቀው እንቅልፍ ነው። ልጁ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛ ሦስተኛውን አትጠብቁ፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሰንሰለቱ የሚፈለገው እነዚያ ሁለት ሌሊቶች በዝምታ ሲታለፉ ነው።