አርባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ማክሰኝት ትገኛለች። የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ስሟ ራሱ ማክሰኞን ያስታውሳል። በዚህ አካባቢ አንድን አዛውንት «መቼ ተወለዱ?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ መልሱን በቁጥር አያገኘውም። «ጣሊያን የወጣ ዓመት» ይባላል፤ ወይም «ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ክረምት ሲቀራቸው»። ልጆቻቸውም «በ77ቱ ድርቅ ማግስት» የተወለዱ ናቸው።

ቀኑን ግን እናት አትረሳውም። ወር በታቦት በሚቆጠርበት አገር 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ ነው፤ ምጥ የያዛት ለየትኛው ዋዜማ እንደነበረ፣ ማንን ጠርታ እንደተገላገለች እስከ እርጅናዋ ታስታውሳለች። የሚጠፋው ዓመቱ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ፣ የልጆች ልደት ባለፉት ሦስት ትውልዶች እንዴት እንደተለወጠ የሚያስረዳው እሱ ነው።

በአያቶቻችን ዘመን ለልጅ የሚደገሰው አንዴ ነበር። እልልታው ከተሰማ፣ የአራስ ገንፎ ከተበላ በኋላ ቤተሰቡ ክርስትናውን ይጠብቃል፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን። ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ቄሱና ጎረቤቱ ይጠራሉ፤ የክርስትና አባት ወይም እናት የሆነ ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሁለቱ ቤተሰብ ዘመድ ነው። በሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ በሰባተኛው ቀን ስም ይወጣል፣ አቂቃው ይታረዳል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ «ዛሬ የእገሌ ቀን ነው» የሚባል ነገር የለም። የልጅ ደስታ የሁሉም ልጅ ደስታ ነበር፦ የቡሄ ሙልሙል፣ የእንቁጣጣሽ አበባ፣ የጥምቀት አዲስ ልብስ።

«ልደት» የሚለው ቃል ለአገሬው እንግዳ አይደለም። ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ነው፤ ግንቦት 1 የእመቤታችን። ግንቦት ልደታ ሲመጣ ጎረቤት ንፍሮውን፣ ዳቦውንና ቡናውን ይዞ ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ ይሰበሰባል። ለልጆቹ በእፍኝ በእፍኝ ይታደላቸዋል፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የልጆች ልደት አላየሁም።

በዓመት አንድ ጊዜ በአደባባይ የሚከበር የሰው ልደት ካለ የንጉሡ ነበር። ሐምሌ 16 የአፄ ኃይለ ሥላሴ የልደት በዓል ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሥራ ተዘግቶበታል፤ በ1964 ዓ.ም. 80ኛ ዓመታቸው ተከበረ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ በዓሉም አብሮ ቀረ።

ጎንደር ጣሊያንን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. አስተናግዳለች፤ ፒያሳ የሚለው የሰፈር ስምም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። የልደት ኬክ ግን ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። በመጀመሪያ የአዲስ አበባ ባለጠጎች ነገር ነበር። ኋላ መዋዕለ ሕፃናት ሲበዙ፣ ፎቶ ቤትና ቪዲዮ ሲስፋፋ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ገንዘብና ፎቶ መላክ ሲጀምር ወደ ክፍለ አገር ወረደ። ዛሬ በትንንሽ ከተሞችም ፊኛ ይነፋል፣ ሻማ ይለኮሳል፣ «መልካም ልደት» ይዘፈናል። ዜማው በ1893 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሂል እኅትማማቾች ለሕፃናት የማለዳ ሰላምታ ብለው ያሳተሙት ነው።

እንግዳው ነገር ግን ብቻውን አልገባም። ኬኩ አጠገብ ድፎ ዳቦ ይቀመጣል፣ ፈንዲሻው ይበተናል፣ ቡናው ይፈላል። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ የጾም ኬክ ይታዘዛል። ሻማው ከጠፋ በኋላ አያት ልጁን አስጠግተው «እደግ፣ ተመንደግ፣ ለዓመቱ ያድርስህ» ብለው ይመርቁታል። ሕዝቡ ከውጭ የመጣውን ልማድ በራሱ ምርቃት ጠቅልሎ ተቀብሎታል፤ ይህን መናቅ አይገባም። አንድ ልጅ በዓመት አንድ ቀን «ዛሬ ያንተ ነው» ቢባል ምን ክፋት አለው?

የሚያሳዝነኝ ፉክክሩ ነው። በክፍል ውስጥ ኬክ የሚቆረስበት ልማድ፣ ወላጁ መግዛት ያልቻለውን ልጅ በዓመቱ ሁሉ አጨብጫቢ ያደርገዋል። ለዲኮር ተበድሮ የሚደግስ ወላጅ አውቃለሁ። እዚህ ላይ የግንቦት ልደታን ንፍሮ እናስታውስ፤ ትምህርት ቤቶች በወሩ የተወለዱትን ልጆች ሁሉ ባንድ ዳቦ ቢያከብሩ የሚጎዳ የለም።

ከኬኩ ይልቅ የሚበልጥ ነገር ግን ወረቀቱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት ስለሚጻፍበት የክብር መዝገብ ደንግጎ ነበር፤ መዝገቡ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 30 ቀን፣ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ተጀመረ።

ዓመቱ ያልተጻፈለት ሰው ምን እንደሚያጣ ጎንደር በሚገባ ታውቃለች። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ብዙዎቹ የዚህ አገር ተወላጆች ነበሩ። የልደት ወረቀት ስላልነበራቸው ለብዙዎቹ የልደት ቀን በግምት ተመዘገበላቸው፤ በዚያ ቀን ጡረታ ይጠብቃሉ፣ በዚያ ቀን ልጆቻቸው መልካም ልደት ይሏቸዋል።

ከዚህ የከፋው የሴት ልጅ ነገር ነው። የ1952ቱ ሕግ ሴት በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. 18 አደረገው፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ያዘ። ይሁን እንጂ ዓመቷ ካልታወቀ ሕጉ ምን ይጨብጣል? አባት «18 ሞልቷታል» ይላል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል፣ መምህሯ ልጅ ናት ብትል ማስረጃ የላትም። «ለማርያም ዋዜማ ተወለደች» የሚለው የእናት ትዝታ ቀኑን እንጂ ዓመቱን አያስረዳም። አንድ ገጽ የልደት ምስክር ወረቀት ግን ሠርጉን ሊያስቆም ይችላል።

አዋጁ ልደትን ለማስመዝገብ የሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። የወንዱ 40፣ የሴቷም 80 ከዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። እናት ከአራስ ቤት የምትወጣበት፣ ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ የልጁ ስም የሚጸናበት ጊዜ ከሕጉ ጊዜ ጋር ገጥሟል። እንግዲህ የማክሰኝትም ሆናችሁ የሌላው አገር ወላጆች፣ ክርስትና አባቶችና እናቶች፣ ልጁን ክርስትና ባነሣችሁበት ሳምንት ቀበሌ ሂዱና አስመዝግቡት። ሴት ልጅ ከሆነች ከክርስትናዋ በኋላ የሚቀራችሁ 10 ቀን ብቻ ነውና አትዘግዩ።