ሴሚናር ምን ያደርግልናል? ከሞላሌ የተነሣች አንዲት የሙቀት ቁጥር

በዲፓርትመንታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ "ሴሚናር" የሚል ወረቀት ሲለጠፍ አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምናየው ስማችን መኖር አለመኖሩን ነው። ከሌለ "እፎይ!" ብለን ወደ ሻይ ቤት እንሄዳለን። ካለ ደግሞ የዚያን ሳምንት እንቅልፍ የለም። እኔም ከዚሁ ወገን ነበርኩ። በዚህች አጭር ጽሑፍ የጥናት ሴሚናር ምን እንደሆነና በኬሚካል ምህንድስና ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ በቀላሉ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ምሳሌዬን የማመጣው ከሩቅ አገር ሳይሆን ከተወለድኩባት ከመንዝ ማማ ምድር ዋና ከተማ ከሞላሌ ነው።

ሴሚናር ምንድነው?

ሴሚናር ማለት አንድን ጥናት ሙያውን በሚያውቁ ሰዎች ፊት አቅርቦ ማስፈተሽ ነው። ሌክቸር አይደለም፤ በሌክቸር መምህሩ ይናገራል፣ እኛ እንጽፋለን። ፈተናም አይደለም፤ የፈተና መልስ ቀድሞ ይታወቃል። በሴሚናር ግን መልሱን አቅራቢውም ጠያቂውም ላያውቁት ይችላሉ።

አሠራሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም በሦስት ደረጃዎች ከፍለን ልናየው እንችላለን። የመጀመሪያው ገና ሥራው ሳይጀመር የጥናቱ ሐሳብ የሚቀርብበት ነው። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ "ይህ ሥራ ይሠራል ወይ? ለማንስ ይጠቅማል?" የሚል ነው። ሁለተኛው ሥራው መሐል ላይ ሲደርስ የሚቀርበው ነው። ሦስተኛው የመጨረሻው ውጤት ነው። ብዙዎቻችን የምንፈራው ሦስተኛውን ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥቅም ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ምክንያቱም ስሕተት ከተገኘ ለማረም ገና ጊዜ አለ።

ጥያቄው ከየት ይመጣል?

"ርዕስ አጣሁ" የሚል ተማሪ ብዙ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከማጠቢያው በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ልብስ ሲታጠብ ያየ ሰው ብዙ ነው፤ "ለምን ሞቱ?" ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ከዚያች ጥያቄ እንዶድን የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥፋት የመጠቀም ምርምር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

የእኔም ርዕስ ከቤት ነው የመጣው። መንዝ የበግ አገር ነው። እናቶቻችን ሱፉን በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባና ይሠሩታል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሞላሌና መሐል ሜዳ አካባቢ ገበሬዎች ራሳቸው አውራ በጎችን እየመረጡ ዝርያውን የሚያሻሽሉበት ፕሮግራም ተጀምሯል። ያ የእንስሳት ሳይንስ ሥራ ነው። የእኛ ሙያ ደግሞ በጉ ከተሸለተ በኋላ ይጀምራል፤ ሱፉን ማጠብ፣ ማቅለም፣ የታጠበበትን ውሃ ማጣራት።

የኬሚካል መሐንዲስ ጥያቄ

በእኛ ሴሚናር ላይ ደጋግማችሁ የምትሰሟት አንዲት ጥያቄ አለች፤ "የገባው የት ሄደ?" የቁስ ሚዛን የምንለው ነው። እንበልና 1 ኪሎ ያልታጠበ ሱፍ ገብቶ፣ ታጥቦና ደርቆ 700 ግራም ወጣ። ቀሪው 300 ግራም ቅባት፣ ላብና አፈር ውሃው ውስጥ መኖር አለበት። አቅራቢው ውሃውን አትንኖ የቀረውን ሲመዝን 100 ግራም ብቻ ካገኘ፣ አንድ ነገር ተሳስቷል። ምናልባት የመጀመሪያው ሱፍ ርጥበት ነበረው፤ ምናልባት አፈሩ ከዕቃው ሥር ቀርቷል። ሒሳቡ ካልገጠመ ግን ያማረ ስላይድ አያድነንም።

በእኔ ላይ የደረሰው

እኔ ያቀረብኩት ለስጋጃ የሚሆን የሱፍ ክር ቤት ውስጥ በድስት ስለማቅለም ነበር። ስድስት ሙከራ አድርጌ በሠንጠረዥ አስቀመጥኩ። በሙቀት ዓምዱ ላይ ስድስቱም "100 ዲግሪ" ይላሉ። ጊዜው አንድ አንድ ሰዓት ነው። ቀለሙ ሲታጠብ ይለቅ ስለነበር "ቀለሙ ጥራት የለውም" ብዬ ደመደምኩ።

አንድ መምህር እጃቸውን አነሡ።

"ሙቀቱን በምን ለካኸው?"

"ፈልቶ ነበር፣ መምህር።"

"የት?"

"ቤት፤ ሞላሌ።"

"የሞላሌ ከፍታ ስንት ነው?"

በቃ፣ ላብ አጠመቀኝ። ሞላሌ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ 70 ኪሎፓስካል አካባቢ ስለሚሆን ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ እንኳ 92 አካባቢ ነው። 100 ዲግሪ የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። እኔ ግን ቴርሞሜትር ሳልይዝ፣ ከመጽሐፍ የማውቀውን ቁጥር ስድስት ጊዜ ጻፍኩ። በግልጽ ቋንቋ፣ ያልለካሁትን ለካሁ ብያለሁ።

ነገሩ የ10 ዲግሪ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። እንደ ሻካራ መመሪያ ብዙ የኬሚካል ምላሾች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነታቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቀለምም ወደ ሱፉ ውስጥ የሚሰርገው ሙቀት ሲኖር ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የሚለው አንድ ሰዓት ሞላሌ ላይ ላይበቃ ይችላል። ጥፋቱን ቀለሙ ላይ የለጠፍኩት የሐሰት ቁጥሬ እውነተኛውን ምክንያት ስለሸፈነብኝ ነው። ያንን ሠንጠረዥ አምኖ የሚሠራ የመንዝ ሸማኔ ቢኖር ኖሮ ቀለሙም ኩበቱም በከንቱ ባለቀበት ነበር።

በእረፍት ቴርሞሜትር ተውሼ አገሬ ገባሁ። እናቴ "አንተ ልጅ፣ መፍላቱን በዓይንህ እያየህ ምኑን ነው የምትለካው?" ብላ ሳቀችብኝ። 90 አነበብኩ። ሁለት ሰዓት ሳቆየው ቀለሙ በተሻለ ያዘ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሞከርኩት ግኝት ነው አልልም። አዲሱ ጥያቄዬ ሌላ ሆነ፤ የሁለት ሰዓት ማገዶ ከየት ይመጣል? ድስቱን መክደን ኩበት ይቆጥባል እንጂ የመፍያ ነጥቡን ከፍ አያደርግም። ለሚቀጥለው ሴሚናር የምይዘው ይህንን ነው።

ለታናናሾቻችን

እንግዲህ ከተማርኩት ሦስት ነገር ላካፍል። ያልለካችሁትን "አልለካሁም" በሉ፤ ባዶ ሣጥን ከሐሰት ቁጥር ይሻላል። ስትጠየቁ የማታውቁትን "አላውቅም፣ አይቼ እመለሳለሁ" በሉ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? አድማጭ ስትሆኑ ደግሞ ዝም አትበሉ። "በምን ለካኸው? የት?" የሚሉት ጥያቄዎች የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ሊጠይቃቸው የሚችል ናቸው።

ያን ዕለት ነጥብ ተቀንሶብኛል፣ አፍሬአለሁም። መምህሩ ባይጠይቁኝ ኖሮ ግን ያ ቁጥር ዛሬም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተጠርዞ ይቀመጥ ነበር።