አጥንት ሲቆጠር ምን ይነግረናል?

በእኛ አገር “አጥንት መቁጠር” ሲባል ሁሉም ሰው የሚገባው ነገር አንድ ነው፡፡ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ የልጅ ልጅ እየተባለ የዘር ሐረግ ይመዘዛል፡፡ ለርስት ክርክርም ሆነ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል፡፡ አጥንቱ ግን በአፍ ይጠራል እንጂ በእጅ አይነካም፡፡ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት አጥንትን ቃል በቃል ስለሚቆጥሩ፣ ስለሚለኩና በማጉያ መነጽር ስለሚመረምሩ ሰዎች ሙያ ነው፡፡ እነርሱ “የማን ልጅ ነህ?” ብለው ብቻ አያበቁም፡፡ ምን ትበላ ነበር? ምን ትሠራ ነበር? በልጅነትህ ተርበህ ታውቃለህ? ማንስ መታህ? እያሉ ይጠይቃሉ፡፡

ይህ ሙያ የሳበኝ በአንድ ቀላል ምክንያት ነው፡፡ የታሪክ መጻሕፍታችንን ብትገልጡ ነገሥታቱ፣ ጳጳሳቱና የጦር አበጋዞቹ ሞልተውበታል፡፡ ዜና መዋዕል ጸሐፊው ንጉሡ በየትኛው ወር የት እንደ ሰፈረ ይነግረናል፤ ለሠራዊቱ ስንቅ የፈጨችውን ሴት ግን ስሟን አያነሳም፡፡ አጥንት እንዲህ ያለውን አድልዎ አያውቅም፡፡ የፈጪዋ ታሪክ በጉልበቷና በእግሯ አውራ ጣት ላይ ተጽፎ ይገኛል፡፡ ይህን ስል ለማሳመር እንዳይመስላችሁ፤ ማስረጃውን ወደ ኋላ አቀርባለሁ፡፡

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት፡፡ አጥንትን ብዙዎቻችን እንደ ድንጋይ የደረቀና የማይለወጥ ነገር አድርገን እናስበዋለን፡፡ በሕይወት እስካለን ድረስ ግን አጥንታችን ያለማቋረጥ ይፈርሳል፣ ይሠራል፡፡ ጡንቻ ደጋግሞ የጎተተው ቦታ ይወፍራል፤ መገጣጠሚያ ሲፋተግ ኖሮ ሲያልቅ ጠርዙ ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅላል፤ የተሰበረ ሲጠገን ጠባሳው ይቀራል፡፡ ባለሙያው ከዳሌ አጥንት ቅርጽ ሟቹ ወንድ ይሁን ሴት ይለያል፡፡ ከጭን አጥንት ርዝመት ቁመቱን ይገምታል፡፡ የወጣቶችን ዕድሜ ደግሞ ከአጥንት ጫፎች መጋጠም ያነባል፤ ለምሳሌ የማጅራታችን ጎረቤት የሆነው የብብት በላይ አጥንት፣ ማለትም ከትከሻ እስከ ደረት የሚዘልቀው፣ በደረት በኩል ያለው ጫፉ ሙሉ በሙሉ የሚጋጠመው በሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ አካባቢ ነው፡፡ ከዚያ ዕድሜ በኋላ ግምቱ እየሰፋ ይሄዳል፡፡

ወደ ፈጪዋ ልመለስ፡፡ በሰሜን ሶሪያ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር አቡ ሁሬይራ የሚባል ጥንታዊ መንደር ነበር፡፡ ሰዎች መጀመሪያ የሰፈሩበት የዛሬ 13 ሺሕ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የሰው ልጅ ከአደንና ከለቀማ ወደ እርሻ ሲሸጋገር ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው፡፡ መንደሩ ዛሬ የለም፤ ወንዙ ተገድቦ የአሳድ ሐይቅ ውጦታል፡፡ ውኃው ከመድረሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973፣ በጥድፊያ ተቆፍሮ ከወጣው መካከል ከ160 በላይ የሚሆኑ ሰዎች ዐፅም ይገኝበታል፡፡ ዐፅሙን ያጠኑት በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠሩ የነበሩት ቴያ ሞለሰን ናቸው፡፡

ሞለሰን ያስተዋሉት እንግዳ ነገር የተገኘው የእግር አውራ ጣት ላይ ነበር፡፡ የጣቱ መገጣጠሚያ ክፉኛ ተበልቷል፡፡ ጉልበት ላይ ትርፍ አጥንት በቅሏል፡፡ የጀርባ አከርካሪ የታችኛው ክፍል ተጎድቷል፤ የክንድና የትከሻ ጡንቻ የሚያያዝበት ቦታ ደግሞ ጎልቶ ወጥቷል፡፡ እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሊያመጣ የሚችለው ምን ዓይነት ሥራ ነው? መልሱ ለእነርሱ ምርምር ጠይቋል፤ ገጠር ያደገ ኢትዮጵያዊ ግን ሳይጨርሱለት ያውቀዋል፡፡ መሬት ላይ የተቀመጠ ወፍጮ ፊት ተንበርክኮ፣ የእግር ጣትን አጥፎ መሬት እየረገጡ፣ በሁለት እጅ መጁን ወደ ፊት መግፋትና ወደ ኋላ መመለስ ነው፡፡ ለሰዓታት፣ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ፡፡

የእግር አጥንቶቹ መጠን ሲለካ ጉዳቱ የበዛው በሴቶች ላይ ሆኖ ተገኘ፡፡ ሞለሰን ከዚህ ተነስተው በዚያ መንደር ወፍጮ የሴት ሥራ እንደነበረ ደመደሙ፡፡ ይህ እንግዲህ ጽሕፈት ከመፈልሰፉ ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት ነው፡፡ አያቴ በእርጅናዋ ከመቀመጫዋ ስትነሳ ወገቧን ይዛ “ወፍጮው ነው የጨረሰኝ” ትል ነበር፡፡ እኛ እንደ ማንኛውም የአሮጊት ብሶት ሰምተን እናልፈው ነበር፤ ለካ የሕክምና መረጃ ኖሯል፡፡ በእርግጥ በእኛ አገር አንዱ ቤት ተንበርክከው፣ ሌላው ቤት ወፍጮው በጭቃ መደብ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ ቆመው ጎንበስ ብለው ነው የሚፈጩት፡፡ ስለዚህ ምልክቱም እንደ አፈጫጩ የተለያየ ቦታ ላይ ቢያርፍ አይገርምም፡፡

የዚያው መንደር ሰዎች ጥርስም የራሱን ታሪክ ይዟል፡፡ ከወፍጮው የሚረግፈው የድንጋይ ብናኝና በደንብ ያልተፈጨው ጥሬ የጥንቶቹን ጥርስ ሞርዶና ሰባብሮ ነበር፡፡ በኋለኞቹ ዘመናት የጥርስ መሰበሩ ቀነሰ፤ ሞለሰን ይህን ያያያዙት ከወንፊት መምጣት ጋር ነው፡፡ ሸክላ ድስት ሲመጣ ደግሞ ገንፎ ተበላ፤ ጥርስ አረፈ፣ ግን መበስበስ ጀመረ፡፡ አንዳንዶቹ ሰዎች የፊት ጥርሳቸው ላይ ቦይ መሳይ ጭረት ተገኝቶባቸዋል፤ ቅርጫትና ምንጣፍ ሲሠሩ ስንደዶውን በጥርሳቸው ይዘው ይስቡት እንደነበር ይገመታል፡፡

ጥርስ ከሌላው አጥንት በአንድ ነገር ይለያል፡፡ የላይኛው ነጭ ልባሱ በልጅነት አንዴ ይሠራል እንጂ አይታደስም፡፡ ሕፃኑ ሲራብ ወይም ክፉ በሽታ ሲይዘው የልባሱ ሥራ ለጊዜው ይቆማል፤ በቆመበት ቦታ ጥርሱን በአግድም የሚያቋርጥ ቀጭን ቦይ ይቀራል፡፡ ሰውዬው በኋላ ቢከብርና ቢጠግብ እንኳ ያ ቦይ አይጠፋም፡፡ ከዚህም ሌላ ከአፈርና ከውኃ በምግብ በኩል የሚገባ ስትሮንሺየም የተባለ ንጥረ ነገር በልባሱ ውስጥ ይቀመጣል፡፡ ዓይነቱ እንደ አካባቢው አለት ስለሚለያይ፣ ሰውዬው የሞተበትና ያደገበት አገር አንድ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ይረዳል፡፡

ይህ ዕውቀት ምን ያህል ሰውን ሊያነጋግር እንደሚችል የታየው በኒውዮርክ ከተማ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1991 በማንሃተን ደቡባዊ ክፍል ለአንድ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የሰው አጥንት ወጣ፡፡ ቦታው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንስቶ እስከ 1794 ድረስ በባርነት የተያዙና ነፃ የወጡ አፍሪካውያን የሚቀበሩበት ነበር፡፡ በአጠቃላይ 15 ሺሕ ያህል ሰው እንደተቀበረበት ይገመታል፡፡ ግንባታው እንዳይዘገይ ቁፋሮው በጥድፊያ ሲቀጥል የከተማዋ ጥቁሮች ተቃውሞ አነሱ፤ በ1992 ቁፋሮው ቆመ፡፡ እስከዚያ የወጣው የ419 ሰዎች ዐፅም ዋሽንግተን ወደሚገኘው ሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተወሰደና በማይክል ብሌኪ መሪነት ተጠና፡፡ (ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን በደጃፉ የሚያልፉት ያው ሆዋርድ ነው፡፡)

ኒውዮርክ ባርነትን የደቡቦቹ ጉዳይ አድርጋ ስትቆጥር ለኖረች ከተማ ውጤቱ መራር ነበር፡፡ ከዐፅሞቹ መካከል ከአስሩ አራት ያህሉ የልጆች ናቸው፡፡ የአዋቂዎቹ አጥንት ጡንቻ የሚያያዝበት ቦታ ከመጠን በላይ በሆነ ሸክም ተቦጫጭቋል፤ የአንገትና የጀርባ አከርካሪያቸው ተጎድቷል፡፡ ከ20 የሚበልጡት ጥርሳቸው በሞረድ ተስሏል፤ ይህ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የነበረ ባህል በመሆኑ ብዙዎቹ እዚያ ተወልደው እንዳደጉ ይጠቁማል፡፡ የጥናቱ ቡድን እንዳመለከተው የልጅነት ረሃብና በሽታ ምልክት ጥርሳቸው በተሳለው ላይ አነስ ብሎ፣ ኒውዮርክ እንደተወለዱ በሚገመቱት ልጆች ላይ በዝቶ ተገኝቷል፡፡ በግልጽ አማርኛ፣ ለሕፃን ልጅ አፍሪካ ከኒውዮርክ ትሻል ነበር ማለት ነው፡፡

ከሁሉም በላይ ከአእምሮዬ ያልወጣችው በመቃብር ቁጥር 25 የተገኘችው ወጣት ናት፡፡ ዕድሜዋ በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው፡፡ በጎድን አጥንቶቿ መካከል የእርሳስ ጥይት አለ፡፡ ፊቷ ተመትቷል፤ ክንዷ ተጠምዞ ተሰብሯል፡፡ ስሟን የሚነግረን መዝገብ የለም፤ ማን እንደገደላትም አናውቅም፡፡ ተገድላ መሞቷን ግን ከ200 ዓመት በኋላ አጥንቷ መስክሯል፡፡ ሁሉም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 ጋና ውስጥ በእጅ በተቀረጹ ሣጥኖች ሆነው እዚያው ተመልሰው ተቀበሩ፤ ቦታውም በ2006 ብሔራዊ ሐውልት ተባለ፡፡

ለዚህ ሙያ ብዙ ካሞገስኩት አይቀር ገደቡንም መናገር አለብኝ፡፡ ቶሎ የሚገድል በሽታ አጥንት ላይ ፊርማውን ለማኖር ጊዜ አያገኝም፡፡ ኮሌራ ምልክት አይተውም፡፡ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ባዶ ሊያደርጋት የደረሰው የኅዳር በሽታም በሟቾቹ ዐፅም ላይ ተፈልጎ አይገኝም፡፡ ከዚህ የተነሳ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይከተላል፡፡ ምንም ጠባሳ የሌለበት ንጹሕ አጥንት የጤነኛ ሰው ሳይሆን በመጀመሪያው በሽታ የተረታ ደካማ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጠባሳ የበዛበት ደግሞ ብዙ መከራ ችሎ ያለፈ ብርቱ ሰው፡፡ ላዩን አይቶ የሚፈርድ ይሳሳታል፡፡

በእኛው አገርም ሳይንሱ የተፈተነበት ምሳሌ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋ ሞታ በተባለ ዋሻ የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው የአንድ ወንድ ዐፅም ተገኘ፡፡ ከጆሮው ሥር ካለው ጠንካራ አጥንት በተወሰደ ናሙና ሙሉ ዘረመሉ በ2015 ይፋ ሲሆን ከአፍሪካ ጥንታዊ ሰው የተነበበ የመጀመሪያው ነበር፡፡ ዛሬ ካሉት ሕዝቦች በይበልጥ ለአሪዎች እንደሚቀርብ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላም ወተት የሚፈጭለት ዘረመል እንዳልነበረው ታወቀ፡፡ ከእስያና ከአውሮፓ የመጣ ዘር በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል የሚለው የጥናቱ ሌላ ድምዳሜ ግን በኮምፒዩተር ሥሌት ስሕተት የመጣ ሆኖ በመገኘቱ ወዲያው በ2016 ታርሟል፡፡ አጥናቾቹ ራሳቸው ማረማቸውን አደንቃለሁ፡፡ ለአገራችን ገና ብዙ ሊሠራበት የሚችል ሌላም መንገድ አለ፡፡ ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ካርቦን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ ከስንዴ፣ ከገብስና ከእንሰት ይለያል፤ ልዩነቱም በበላተኛው አጥንት ውስጥ ይቀራል፡፡ እንጀራ በልቶ ያደገና ቆጮ በልቶ ያደገ ሰው ከሺሕ ዓመት በኋላም ሊለዩ ይችላሉ ማለት ነው፡፡

አጥንት ማንበብ ግን የጥንት ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ በአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ ደብዛቸው የጠፋውን ለመፈለግ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን በ1990ዎቹ አዲስ አበባ መጥቶ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ጋር የቀይ ሽብር ሰለባዎችን የጅምላ መቃብር መርምሯል፡፡ እዚህ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ከመቃብር ቁጥር 25 ጋር አንድ ነው፡፡ በሕይወት ያለ አጥንት ሲሰበር መዳን ይጀምራል፤ በሞት ሰዓት የተሰበረ አይድንም፤ ደርቆ ከቆየ በኋላ የተሰበረ ደግሞ ስብራቱ ሌላ መልክ አለው፡፡ ይህ ልዩነት ፍርድ ቤት ሲቀርብ “በግጭት መሐል ሞቱ” እና “ታስረው ተገደሉ” በሚሉት መካከል ሚዛን ሊደፋ ይችላል፡፡

በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ዳር በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በመስታወት ውስጥ የራስ ቅሎችና አጥንቶች ተደርድረው ይታያሉ፡፡ በዚያ ዘመን ልጃቸውን ያጡ እናቶች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ወንድምና እህትም ሸምግለዋል፡፡ የማን እንደሆነ ላልተለየ አጥንት ግን ዛሬ ያለው የዘረመል ምርመራ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ያልነበረ ዕድል ይሰጣል፡፡ ለማነጻጸሪያ የሚያስፈልገው ከዘመድ ጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም፡፡ ናሙናው የሚሰበሰበው ግን ሰጪው በሕይወት እያለ በመሆኑ የሚመለከተው ክፍል ቶሎ ቢያስብበት እላለሁ፡፡ በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፍ የዘረመል ክፍል ስላለ እህት ብታልፍ እንኳ የእህት ልጅ ትጠቅማለች፡፡