እርጎ ከጨጓራ አልፎ አንጀት ይደርሳል?

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ላም ያለው ቤት እርጎ አያጣም። ሆዱ ለተረበሸም፣ መድኃኒት ለጀመረም «እርጎ ስጡት» ይባላል። በጤና ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት እናቶች «እውነት ሆድ ይጠግናል?» እያሉ ደጋግመው ጠይቀውኛል።

ወተት የሚረጋው በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለውጡት ነው። በሕይወት እያሉ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ጤናን የሚጠቅሙ ተሕዋስያን ፕሮባዮቲክ ይባላሉ። ታዲያ አንጀት እስኪደርሱ ምን ይገጥማቸዋል?

የመጀመሪያው ፈተና ጨጓራ ነው። የባዶ ጨጓራ አሲድ ብርቱ ስለሆነ ብዙዎቹን ይገድላል። ምግብ ሲገባ ግን አሲዱ ይለዝባል፤ ወተቱም ጋሻ ይሆናቸዋል። ስለዚህ እርጎን ከምግብ ጋር መውሰድ ይመረጣል። ሁለተኛው ፈተና በቀጭኑ አንጀት መግቢያ ላይ የሚጠብቃቸው ሐሞት ነው። ሐሞት ሽፋናቸውን ያፈርሰዋል፤ የሐሞትን ጨው የሚሰብር ኢንዛይም ያላቸው ዝርያዎች ግን ይቋቋሙታል።

የሞቱትም ከንቱ አይቀሩም። አንዳንዶቹ ሲፈርሱ የያዙት ኢንዛይም ይፈስና የወተቱን ስኳር ይፈጫል። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎ የሚስማማው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በሕይወት ያለፉትም ቢሆኑ እንግዶች ናቸው፤ መጠጣቱ ሲቆም ብዙዎቹ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይወጣሉ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት እርጎ ያልቀመሰ ሰው በፋሲካ እንደ አዲስ ይጀምራል ማለት ነው።

እንጀራስ? የእርሾው ሕያዋን ምጣዱ ላይ ይሞታሉ። ሊጡ መብላላቱ ግን በጤፉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት እንዲቀርብ ይረዳል።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ሊያስተላልፍ ይችላል። መኮምጠጡም ሆነ ቅሉን በወይራ ማጠኑ ማፍላትን አይተካም። ወተቱን አፍሉ፤ ለብ ሲል በንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ ጥቂት እርጎ ለመነሻ ጨምሩበት። መነሻው ራሱ ከፈላ ወተት የተሠራ ይሁን፤ አለዚያ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው።

እንደ ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉ መድኃኒቶች ከወተት ካልሲየም ጋር ስለሚጣበቁ ኃይላቸው ይቀንሳል። መድኃኒቱ ይቅደም፤ እርጎው ቢያንስ ከ2 ሰዓት በኋላ ይከተል።

ከሁሉም በላይ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን እርጎ የኦ.አር.ኤስንና የዚንክን ቦታ አይወስድም። 6 ወር ያልሞላው የእናት ጡት ወተት ብቻ ይጥባ፤ በተቅማጥ ጊዜም ጡት አይከልከል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለው፣ እርጎው እስኪረጋ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።