ሥርዓተ ትምህርት ሲነደፍ ገበሬውም ይጠየቅ

ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ከማዛወሩ በፊት፣ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ይቆም የነበረው በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እንደነበረ ይታወቃል። ገዢው የማይፈልገውን ጭኖ የመጣ ሰው መልሶ ጭኖት ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲዎች ግን ተመራቂዎቻቸውን ወደ ገጠር ሲልኩ፣ ተቀባዩ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚፈልግ የሚጠይቁበት ጊዜ ጥቂት ነበር።

የመጀመሪያው ሐሳብ እንዲህ አልነበረም። በ1944 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት መካከል በተደረገው ስምምነት፣ በኦክላሆማ ኮሌጅ ድጋፍ የተቋቋመው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው ዕውቀት ማዳረስን አጣምሮ ይዞ ተነሣ። በ1955 ዓ.ም. ግን የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተላለፈ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለምርምሩ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ቆመ። አከፋፈሉ ለየመሥሪያ ቤቱ አመቺ ሊሆን ይችላል፤ መምህሩን ግን ከገበሬው ማሳ አራቀው።

ይህን ክፍተት ለመጠገን ከተደረጉት ጥረቶች የሚጠቀሰው በ1989 ዓ.ም. በዚያው በአለማያ፣ በዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ነው። ዩኒቨርሲቲው፣ የግብርና ሚኒስቴርና ሳሳካዋ የተባለው ከጃፓን የመጣ ድርጅት ተባብረው፣ በመስክ ለብዙ ዓመታት ላገለገሉ የልማት ሠራተኞች የዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት ነደፉ። እነዚህ ሠራተኞች ገበሬውን በቅርብ ቢያውቁትም፣ የዩኒቨርሲቲ በር ለብዙዎቹ ጠባብ ሆኖ ቆይቶ ነበር። በኋላም ሐዋሳና ባሕር ዳርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል።

ትምህርቱ በክፍል ውስጥ አያልቅም። ተማሪው ለወራት ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ፣ ከገበሬውና ከአሠሪው መሥሪያ ቤት ጋር መክሮ የመረጠውን ችግር በተግባር ይሠራበታል፤ በግ ማድለብ ወይም የእህል ማከማቻ ሊሆን ይችላል። መምህሩም ሥራውን ለማየት ወደ መንደር ይወርዳል። የመምህሩ ጉዞ ከተማሪው ፈተና የማይተናነስ ቁም ነገር አለው፤ በክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ከማሳው ጋር መግጠሙን የሚያየው በዚያ ነውና።

ሆኖም የቀበሌው መሪ እንዲህ ያለውን ተማሪ ደብዳቤው ላይ ማኅተም መትቶ ብቻ ከሸኘው፣ ምክክሩ በወረቀት ላይ ይቀራል። ዘር ለምን ዘግይቶ እንደሚደርስ፣ ሽንኩርት በመኸር ወቅት ለምን በርካሽ እንደሚሸጥ፣ ሴቶች በየትኛው ሰዓት ስብሰባ ሊመጡ እንደሚችሉ የሚነገረው ተማሪው ርዕሱን ከመምረጡ በፊት ነው።