ጥቁር አዝሙድ በጓሯችን፦ ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ



ጥቁር አዝሙድን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። እናቶቻችን በርበሬ ሲያዘጋጁ ይጨምሩታል፣ ዳቦ ላይ ይነሰነሳል፣ ጉንፋን ሲይዘን በጨርቅ ተቋጥሮ እንድናሸተው ይሰጠናል። መድረሳ ስንቀራ ደግሞ «ሐበቱ ሰውዳእ» በሚለው ስሙ ተዋውቀነዋል። አበባውን ያየን ግን ጥቂቶች ነን። ዘሩ በፌስታል ከገበያ ይመጣል፤ በእኛ ቆላ ይበቅል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ይበቅላል። የሚያስቸግረው አፈሩ ወይም ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የሚዘራበት ወር ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ነጭ አዝሙድና ከሙን የድንብላልና የእንስላል ዘመዶች ናቸው፤ ጥቁር አዝሙድ ከእነርሱ ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኝም። የእሱ ቤተሰብ ራናንኩላሴ ይባላል። በአውሮፓ ሜዳዎች በፋሲካ ሰሞን የሚፈካውና ፈረንጆች ፓስክ አበባ የሚሉት ሐምራዊ አበባም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ያኛው ብርዳማ አገር ስለሚፈልግ ሸዋ ሮቢት ላይ አይታሰብም። ሁለቱ የሚጋሩት አንድ ነገር ግን አለ፤ አበባው ላይ ቀለም ኖሮት ዓይን የሚስበው ክፍል ፔታል ሳይሆን ሴፓል ነው። የጥቁር አዝሙድ እውነተኛ ፔታሎች ወደ ጥቃቅን የማር ኪሶች ተለውጠዋል፤ እያንዳንዱ ኪስ ክዳን አለው፣ ንብም ክዳኑን ገፍታ ነው የምትጠጣው። መካኒካል የምታጠኑ ወንድሞች አንድ ቀን ተጎንብሳችሁ ብታዩት ትወዱታላችሁ። ተክሉ ራሱ ከጉልበት ብዙም አያልፍም። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ ነው፣ አበባው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ።

ወደ ወቅቱ እንምጣ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ የወረደ ሰው ልዩነቱን ጃኬቱን ሲያወልቅ ያውቀዋል። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወድ የአንድ ወቅት ተክል ነው። በወይና ደጋው በክረምት ዝናብ ይዘራል። ያንን አይተን እኛም በሐምሌ ብንዘራ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ይመጡበትና ቡቃያው ከሥሩ ይበሰብሳል። በቆላ የሚሻለው ክረምቱ ካለቀ በኋላ፣ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ባለው ጊዜ፣ በመስኖ መዝራት ነው። ሰሜን ሱዳን ውስጥ ዓባይ ዳር ያሉ ገበሬዎች በዚያ ሁሉ ሙቀት የሚያመርቱት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ቀዝቃዛዎቹን ወራት ይጠቀማሉ። ከኅዳር አጋማሽ ካለፈ ግን ባንዘራው እንመርጣለን። ለመድረስ ከአራት እስከ አምስት ወር ስለሚወስድ፣ ዘግይቶ የተዘራው የሚያፈራው በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ነው፤ የበልግ ዝናብ ከመጣ ደግሞ የደረቀው ፍሬ ላይ ይወርድበታል።

በጥቅምት አብዛኞቻችን ግቢ ነን። ስለዚህ መደቡንና ዘሩን ከቤት ሳንወጣ አዘጋጅተን ለእናት ወይም ለታናሽ ወንድምና እህት አደራ መስጠት ይኖርብናል። ውሃ ማጠጣቱ ለእነርሱ ይቀራል።

ዘሩ ከቅመም ሻጭ የተገዛ ቢሆንም ይሆናል፤ ያልታመሰና ያላረጀ ከሆነ ይበቅላል። ይህንን ለማወቅ 20 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ጥላ ውስጥ እናስቀምጥ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየተጠበቀ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆይ። 15ና ከዚያ በላይ ካቆጠቆጠ ዘሩ ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ለይፋት ልጆች ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለን። በአካባቢያችን ሽንኩርት የማያመርት ቤተሰብ ብዙ የለም፤ የሽንኩርት ዘርም ጥቁር፣ ጥቃቅንና ማዕዘን ያለው በመሆኑ ከጥቁር አዝሙድ ጋር ለዓይን ይመሳሰላል። ለዘር ተብሎ የሚሸጠው የሽንኩርት ዘር ብዙ ጊዜ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ነው፣ ሲበላ ይመርዛል። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ፣ ምልክት በሌለው ፌስታል መቀመጥ የለባቸውም። ቀለም የተቀባ ወይም መድኃኒት የሚሸት ዘር ከሆነ እጅ አይነካውም፣ ወደ ወጥ ቤትም አይገባም። ቀለም ከሌለውም አንድ ሁለት ፍሬ በማንኪያ ጀርባ ደቁሶ ማሽተት ነው፤ የጥቁር አዝሙድ ሽታ የማይሳሳት ነው። ከበቀሉ በኋላማ ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ሽንኩርት እንደ ክር ታጥፎ በአንድ ቅጠል ይወጣል፣ ጥቁር አዝሙድ በሁለት።

መደቡ 1 ሜትር በ2 ሜትር ቢሆን ለመጀመሪያ ይበቃል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ መደቡን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገን ብስባሽ እንቀላቅልበት፤ ይህ ተክል ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ አይኖርም። በመስመሮች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ትተን ዘሩን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንቅበር። ከአንድ የሻይ ማንኪያ በላይ ዘር አያስፈልግም። ከተዘራ ከ10 እስከ 15 ቀን ይታያል። አዛውሮ መትከል አይስማማውም፤ ስለዚህ ቡቃያው ጣት ሲያህል በየ10 ሴንቲ ሜትሩ አንድ እያስቀረን ሌላውን እንንቀለው። አረም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጽሞ መቅደም የለበትም። ክሽክሽ ቢታይ የሳሙና ውሃ መርጨት ይበቃል።

ውሃው ቀላል ሒሳብ አለው። በዚያ ወቅት አንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል ብንል፣ ለመደባችን 10 ሊትር ነው። አምስት ሰው ባለበት ቤት አምስቱንም ሶላት እያንዳንዱ በ1 ሊትር ውዱእ ቢያደርግ 25 ሊትር ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ያ ከ1 ሊትር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ 1 ሊትር ከበቂ በላይ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ውዱእ የተደረገበት ጥቂት ውሃ ለሌላ ውዱእ ባይሆንም ራሱ ጣሂር ነው፣ ተክል ማጠጣትም ይቻላል። ሳሙና የሌለበትን በባልዲ እያጠራቀምን በየሦስት ወይም አራት ቀኑ ማለዳ እናጠጣ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየደፉ አፈሩን ሁልጊዜ እርጥብ ማድረግ ግን በሽታ ይጠራበታል።

አበባው ረግፎ ፍሬው ሲያብጥ አናቱ ላይ ቀንድ መሳይ ጫፎች ያሉት ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ወደ ቢጫና ቡናማ ሲለወጥ አፉ ሳይከፈት መቁረጥ ነው፤ ጤዛ ሳይደርቅ ማለዳ ቢሆን ዘሩ አይረግፍም። ጨርቅ ላይ አንጥፎ በጥላ ማድረቅ፣ ወቅቶ ማንፈስ ነው።

ስንት ይገኛል? በሄክታር 8 ኩንታል ብንገምት በካሬ ሜትር 80 ግራም፣ ከመደባችን 160 ግራም። ትንሽ ይመስላል። አንዱ ፍሬ 2.5 ሚሊ ግራም ቢመዝን ግን ከ60 ሺህ በላይ ፍሬ ነው። ይህን ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የጥቁር አዝሙድ ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። በቡኻሪ ዘገባ ውስጥ ለታመመው ሰው የተመከረው አምስት ወይም ሰባት ፍሬ ተደቁሶ፣ ከዘይት ጋር፣ በአፍንጫ ጠብታ ነው። መጠንም መንገድም አለው፤ ዛሬ በጠርሙስ ዘይት መጠጣት ከዚያ የተወሰደ አይደለም። እነ ኢማም አል-ኸጧቢም የሐዲሱን አጠቃላይ አነጋገር በተወሰኑ በሽታዎች ላይ እንደሚውል አድርገው አብራርተውታል። አገራችን የወባ አገር ናት። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያለው ሰው ጥቁር አዝሙድ አሽትቶ የሚተኛ ሳይሆን በዚያው ቀን ደሙን የሚመረመር መሆን አለበት። ነፍሰ ጡር እህቶች፣ እንዲሁም የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ወላጆች፣ ከቅመም መጠን በላይ ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

የደረቀው ፍሬ ሳይፈጭ፣ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ። ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ዘይት በመሆኑ ከተፈጨ በኋላ ቶሎ ይበላሻል፤ ለሚያስፈልገን ቀን ብቻ እንውቀጥ። ለሚቀጥለው ጥቅምት የሚዘራውን አንድ የሻይ ማንኪያ ግን አስቀድመን ለይተን፣ በወረቀት ጠቅልለን፣ ስሙንና ዓመቱን እንጻፍበት፤ ከሽንኩርቱ ዘር አርቀን።