የኋላ መስታወት መጥረጊያና የተጫረ ቀለም፦ ተሽከርካሪ ወደ ጋራዥ ከመላኩ በፊት

ሰበታ — ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ የምትገኘው ሰበታ በ2015 ዓ.ም ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎች የመዲናዋ አዋሳኝ ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተካታለች። ፋብሪካ የበዛበትና የጭነት ተሽከርካሪ የማይለየው ይህ አካባቢ ለመኪና ምቹ አይደለም። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ደግሞ ከከባድ መኪና ጎማ የሚረጨው ጭቃ አለ። ጠዋት ታጥቦ ወደ ቱሉ ቦሎ አቅጣጫ ለመስክ ሥራ የወጣ ተሽከርካሪ የበቾን መረሬ ተለብሶ ማታ ሲመለስ፣ የኋላ መስታወቱ ግድግዳ ሆኖ፣ በሮቹም በመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ተጭረው ይገኛል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የስምሪት ክፍል ዘንድ "የኋላው አይታይም" እና "ቀለሙ ተጭሯል" የሚሉት አቤቱታዎች እንደ ቀላል ጉዳይ ይታያሉ። ይሁንና የመጀመሪያው ከሕይወት፣ ሁለተኛው ከመንግሥት ገንዘብ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሁለቱንም በአብዛኛው የሚያባብሳቸው ደግሞ አንድ ነገር ይኸውም በደረቁ የሚጠረግ አቧራ ነው።

መኪና ወደፊት ሲሄድ አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል። ጀርባው ቀጥ ብሎ በተቆረጠ ተሽከርካሪ፣ ለምሳሌ በቪትዝ፣ በሚኒባስ ወይም በላንድክሩዘር ላይ፣ ጣሪያውን አልፎ የሚመጣው አየር መስታወቱን ተከትሎ መውረድ አይችልም። ከጀርባው ግፊቱ ዝቅ ያለ ክፍተት ይፈጠርና አየሩ እዚያው ይሽከረከራል፤ ጎማዎቹ ያነሱትን አቧራና ውኃም ስቦ በመስታወቱ ላይ ይለጥፋል። እነዚህ መኪናዎች ዘወትር የኋላ መጥረጊያ የሚገጠምላቸው በዚህ ምክንያት ነው። የሻንጣ ማስቀመጫቸው ወደ ኋላ ወጣ ባለ እንደ ኮሮላ ባሉ የቤት መኪናዎች ግን አየሩ ተዳፋቱን መስታወት ተከትሎ ስለሚወርድ ቆሻሻው የሚያርፈው ይበልጡን በሻንጣው ክዳን ላይ ነው። ስለዚህም አብዛኞቹ የኋላ መጥረጊያ የላቸውም።

በስፖርት መኪናዎች ረገድ ነገሩ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። መስታወታቸው እጅግ የተጋደመ በመሆኑ በፍጥነት ሲነዱ ነፋሱ ራሱ ውኃውን ጠርጎ ይወስደዋል፤ መጥረጊያው የአየሩን ፍሰት ያውካል፣ ክብደት ይጨምራል፣ መልክም ያበላሻል የሚሉ አሉ። የፖርሽ 911 አምራቾች መጥረጊያውን ገዢው ከፈለገ ብቻ የሚጨመር አድርገውት ቆይተዋል፤ የኒሳን 350 ዜድ መኪና ግን ከነመጥረጊያው ይመረት ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነፋሱ የሚጠርገው በፈጣን መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ከጭነት መኪና ኋላ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ አሽከርካሪ ነፋሱ ምንም አያደርግለትም። የደረቀ ጭቃን ደግሞ የቱንም ያህል ፍጥነት ቢሆን አያነሳውም።

ጉዳዩ ስፖርት መኪና ለሚነዱ ጥቂቶች ብቻ የተተወ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በብዛት እየታዩ ነው። የእነዚህ ዲዛይነሮች ባትሪው ረጅም ርቀት እንዲወስድ ሲሉ የአየር መቋቋምን የሚቀንስ ቅርጽ ይመርጣሉ፤ አንዳንዶቹም የስፖርት መኪናውን መንገድ ተከትለው መጥረጊያውን ትተውታል። የቶዮታ ቢዜድ 4 ኤክስ ሲወጣ ያለ ኋላ መጥረጊያ ነበር። የሃዩንዳይ አዮኒክ 5 መኪናም እንዲሁ ያለመጥረጊያ ከወጣ በኋላ፣ ባለቤቶች በተደጋጋሚ ቅሬታ በማሰማታቸው በ2016 ዓ.ም በተሻሻለው ሞዴል ላይ ተገጥሞለታል። አስፋልቱ ንጹሕ በሆነበት አገር ያስቸገረ ነገር በሱሉልታና በቡራዩ የጠጠር መንገዶች ላይ እንዴት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በመሆኑም የግዥ ኮሚቴዎች የቴክኒክ ዝርዝር ሲያዘጋጁ "የኋላ መጥረጊያ ከነውኃ መርጫው" የሚል አንድ መስመር ቢያክሉ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የኋላ ካሜራ አለ በሚል ማለፍም አያዋጣም፤ የካሜራው ዓይን እዚያው የአቧራ ክፍተት ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ ከመስታወቱ ጋር አብሮ ይሸፈናል። ከትምህርት ቤት አጥር ወይም ከገበያ አጠገብ ወደ ኋላ የሚነዳ ተሽከርካሪ በስፖኪዮ ብቻ ሲተማመን በቀጥታ ከጀርባው የቆመን ሕፃን አያይም።

መጥረጊያው መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። በአቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት ከመስታወት ይጠነክራል፤ ከመኪና ቀለምማ እጅግ ይጠነክራል። ደረቅ መስታወት ላይ መጥረጊያ ማስነሳት ማለት በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ማለት ነው። ስለሆነም ቅድሚያ ውኃ መረጨት፣ ከዚያም መጥረጊያው መንቀሳቀስ ይኖርበታል። በክረምት መግቢያ፣ ወራቱን ሙሉ ፀሐይ ያደረቀው የመጥረጊያው ጎማ መቀየር አለበት፤ ጎማው ተበልቶ ብረቱ ከወጣ በመስታወቱ ላይ የሚተወው ቅስት አይጠፋም። መኪናን ለማስዋብ ናፍጣ የመቀባት ልማድም የመጥረጊያውን ጎማ ከማበላሸቱ ባሻገር ቅባቱ አቧራ ይስባል። በኋላ መስታወት ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች ጉም የሚያጠፉ የማሞቂያ ሽቦዎች በመሆናቸው የተለጠፈ ወረቀት ለማንሳት በምላጭ መፋቅ አይገባም።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ አንድ ጭረት ብቻ ያለበት ተሽከርካሪ ሙሉ በሙሉ እንዲቀባ ሲታዘዝ ማየት የተለመደ ነው። ይህ በአብዛኛው አላስፈላጊ ወጪ ነው። የፋብሪካ ቀለም ከላሜራው ላይ ተደራርበው የተቀመጡ ስስ ሽፋኖች ውጤት ሲሆን፣ ከታች ዝገት የሚከላከለው፣ ቀጥሎ የሚያለሰልሰው፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ በላዩም ብርሃን የሚሰጠው ቬርኒሽ ይገኛል። ሁሉም ተደምረው ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ እንኳ የማይሞላ ሲሆን ቬርኒሹ ብቻውን ከፀጉር ዘለላ የሚበልጥ አይደለም። ከፋብሪካ የወጣውን ቀለም ያህል ጥብቅ ሽፋን በመንደር ጋራዥ መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ያለውን ማቆየት ከሁሉም ይመረጣል።

የጭረቱን ጥልቀት ለማወቅ መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥፍርን በጭረቱ ላይ አግድም ማሳለፍ ይበቃል። ጥፍር ካልያዘው ጉዳቱ በቬርኒሹ ላይ ብቻ ነው፤ በኮምፓውንድና በለስላሳ ጨርቅ ይጠፋል። በመጠኑ ከያዘ ቁጥሩ 2000 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ከውኃ ጋር በጥንቃቄ አለስልሶ ኮምፓውንድ መምታት ይቻላል፤ ቬርኒሹ ስስ ነውና አብዝቶ መፈግፈግ ግን ለባሰ ወጪ ይዳርጋል። ግራጫው ሽፋን ከታየ በቀጭን ብሩሽ ቀለም መሙላት ያስፈልጋል። ላሜራው ራሱ ከታየ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም፤ በተለይ በክረምት ዝገቱ በቀለሙ ሥር እየተስፋፋ ይሄዳል። ዝገቱ ሳይወገድ ስቱኮ ተለጥፎበት የተቀባ ላሜራ ውሎ አድሮ ያብጥና ይላቀቃል። ፓራውልት ግን በአሁኖቹ መኪናዎች ላይ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፤ ጭረቱ ለበጀት ዓመቱ ማብቂያ ቢቆይ ጉዳት የለውም።

በመንግሥት ተሽከርካሪዎች ላይ የበዛው ነጭ ቀለም የራሱ ጠባይ አለው። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች 040 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ነጭ ከፋብሪካ ሲወጣ በአብዛኛው ቬርኒሽ የሌለው፣ ቀለሙና ብርሃኑ አንድ ላይ የሆነ ነው። በኮምፓውንድ ሲወለወል ጨርቁ ነጭ ከሆነ ቀለሙ ከዚህ ዓይነት መሆኑ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ነጭ ማስተካከል ከብረት አብረቅራቂ ቀለሞች እጅግ ይቀላል። በአንጻሩ ብርማ ወይም ወርቃማ መኪና ላይ የተጠገነ በር፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ እንኳ፣ ከአጠገቡ ካለው ፓራፋንጎ ጋር ሳይመሳሰል ሊቀር ይችላል፤ የአብረቅራቂዎቹ ቅንጣቶች አቀማመጥ በአረጫጨቱ ይለያያልና። የቀለሙ ቁጥር በበሩ ምሰሶ ወይም በሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ በዓይን ግምት ከማስቀመም ቁጥሩን በሥራ ትዕዛዙ ላይ ማስፈር ይገባል። የተሽከርካሪው ቀለም በሊብሬው ላይ የሚመዘገብ በመሆኑም ወደ ሌላ ቀለም የሚለወጥ ከሆነ መዝጋቢው አካል ሊያውቀው ይገባል።

ወቅቱም ታሳቢ ሊሆን ይገባል። በከባድ ዝናብ ቀናት የሚረጭ ቀለም እርጥበት ይዞ ይደበዝዛል፤ በበጋ ደግሞ ክፍት በሆነ ግቢ ውስጥ አቧራው ሳይደርቅ ያርፍበታል። ሥራ ተረካቢው ኮሚቴ ከክፍያው በፊት ጋራዡ የተዘጋ የመርጫ ክፍል እንዳለው ቢያይ መልካም ነው። ሃርድነር የተቀላቀለባቸው ቀለሞች ጭስ አስም የሚያስከትል አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል የያዘ በመሆኑ በአፍና አፍንጫ ላይ መሐረብ አስሮ የሚረጭ ወጣት ከአደጋው አይጠበቅም፤ ተገቢው ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልገዋል። ዋጋ ሲወዳደር ይህም በመስፈርቱ ውስጥ አለመግባቱ አግባብ አይመስልም።

አብዛኛው ጭረት የሚመጣው ግን ከቁጥቋጦም ከግጭትም አይደለም። ጠዋት ጠዋት ደረቅ ጨርቅ ይዞ አቧራውን በመወልወል ነው፤ በጥቁርና በጥልቅ ቀለም መኪናዎች ላይ ፀሐይ ሲያርፍ የሚታየው የሸረሪት ድር መሰል ጭረት የዚሁ ልማድ ውጤት ነው። በግቢው ውስጥ የውኃ ቧንቧና ባልዲ ካለ አሽከርካሪው መጀመሪያ ውኃ አፍስሶ አቧራውን ያወርዳል፤ ከዚያም በሳሙና ከላይ ወደ ታች ያጥባል። ጎማ የታጠበበት ጨርቅ ወደ በሩና ወደ ኋላ መስታወቱ መመለስ የለበትም።